ፋኖስ ላይ ያረፈ አውራ ጣት

ሮቲሚ ለግዛቱ ምክር ቤት አራት ጊዜ ተወዳድሮ አራት ጊዜ ወድቋል። በከተማቸው በኢሎፊን ይህን የማያውቅ ሰው ቢኖር ትናንት የተወለደ ነው። የገበያው ቀልደኞች «ሳይሾም አራቴ የተሻረው» ይሉታል። እሱም ይሰማል፣ ይስቃል፣ ፎቶ ሊነሳ የመጣውን ቀልደኛ «አገጭህን ቀና አድርግ» ብሎ አሳምሮ ያነሳዋል። ቂም አያውቅም። ሚስቱን ሞጂሶላን የሚያበሽቃት ይኸው ነው። «ሰው እንዴት አራት ጊዜ ወድቆ አንድ ቀን እንኳ አይኮሳተርም?» ትላለች።

ፎቶ ቤቱ ከገበያው ፊት ለፊት ነው። የኢሎፊን ሰው ስም ሲወጣለት፣ ሲመረቅ፣ ሲያገባና ሲቀበር የሮቲሚ ካሜራ አይቀርም። በመግቢያው ግድግዳ ላይ አራቱ የምርጫ ፖስተሮቹ በተርታ ተለጥፈዋል። ከግራ ወደ ቀኝ እያየ የሄደ ሰው የሮቲሚ ጸጉር ከጥቁር ወደ ገብስማ፣ ከገብስማ ወደ ነጭ ሲሸጋገር ያያል። ከፎቶው ሥር ያለው ምልክትም ይለወጣል፤ መሰላል፣ ዓሣ፣ ፋኖስ፣ ቁልፍ። ይህ የመጣው ከወላዋይነት አልነበረም። ትልልቆቹ ፓርቲዎች ዕጩነቱን ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ይሰጣሉ፤ ሮቲሚም በሩን የከፈተለትን ትንሽ ፓርቲ ይዞ ይወጣል። በአራት ዓመቱ ያም በር ይዘጋበታል፤ እሱም ሌላ ያንኳኳል።

የሚፈልገው ነገር ግን ተለውጦ አያውቅም። የኤሩ ወንዝ በኢሎፊንና በዋናው ከተማ በአዶ መካከል ያለውን ድልድይ ጠርጎ ከወሰደው ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ካሳቫና ቦዬ የጫነ መኪና ግማሽ ቀን ዞሮ ይሄዳል። ሮቲሚ በየክረምቱ ወርዶ የተሰበረውን ድልድይ ፎቶ ያነሳዋል፤ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው። ምክር ቤት መግባትና ድልድዩን በጀት ውስጥ ማስገባት፣ የሮቲሚ ፖለቲካ ከዚህ አያልፍም።

አራተኛው ሽንፈት በሁለት መቶ አሥራ አራት ድምፅ ነበር። በማግስቱ ባልና ሚስቱ እናቱን ለማጽናናት ሄዱ። እማማ ያኔ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነበር፤ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው በዘይት የተጠበሰውን የአደንጓሬ ሊጥ፣ አካራቸውን፣ በሻይ እየነከሩ ይበላሉ።

«አይዞህ ልጄ» አሉት። «እኔ የድርሻዬን አድርጌያለሁ። ጣቴን ቀለሙ ውስጥ ነከርኩና ፋኖሱ አጠገብ እንዲህ አድርጌ ተጫንኩት። ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው።»

ሮቲሚ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሞጂሶላ ናት የተናገረችው። «እማዬ፣ የዘንድሮው ምልክት እኮ ቁልፍ ነበር።»

«የምን ቁልፍ?»

«የልጅዎ ነዋ። ፋኖስ ያለፈው ነው፤ ትተነዋል።»

«አንቺ ደግሞ! ልጄ ፋኖስ እንደሆነ ያስተማረኝ ራሱ ነው። ዘፈኑንስ አላውቀውም መሰለሽ?» አሉና እማማ ሻያቸውን አስቀምጠው እያጨበጨቡ ጀመሩት።

መሸ፣ ጨለመ፣ ምን ላብራ?
ፋኖስ አብራ፣ ፋኖስ አብራ!

ዘፈኑን ያወጣው ከበሮ መቺው አያንዴሌ ነበር፤ ለሦስተኛው ምርጫ። ምርጫው አልፎ፣ ፓርቲው ተረስቶ፣ ዘፈኑ ግን ቀረ። ሙሽራ ሲገባ ይዘፈናል፣ ሴቶች ካሳቫ ሲልጡ ይዘፈናል፣ ልጆች ገመድ ሲዘሉ ይዘፈናል። ድምፅ በሚሰጥበት ወረቀት ላይ ደግሞ የዕጩ ስም የለም፤ የፓርቲ ምልክት ብቻ ነው ያለው። መራጩ አውራ ጣቱን ነክሮ ከሚያውቀው ምልክት አጠገብ ያትማል፣ ለሚወደው ሰው እንዳተመም አምኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሮቲሚ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ እንዳለ ፊቱ ተለወጠና እጁን አነሳ። «እማዬ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፤ ከእንግዲህ አልወዳደርም። በቃኝ» አለ።

ሞጂሶላ ይህችን መሐላ ለመስማት አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቃለች። ምርጫ በመጣ ቁጥር ግቢዋ መናኸሪያ ይሆናል፤ ደጋፊ ነኝ ያለ ሁሉ ከድስቷ ይቀልባል፤ የካሳቫ መፍጫዋ ሥራ ፈቶ ይቆማል። ሆኖም የእማማ ፋኖስ አእምሮዋን ከነከናት። በሚቀጥለው ቀን ከሥራ ስትወጣ የምርጫው ውጤት ወደተለጠፈባቸው የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ግድግዳዎች ሄደች። አንድ በአንድ አየች። ፋኖስ በኢሎፊን ሦስት መቶ ዘጠና አንድ ድምፅ አግኝቷል። የፋኖስ ዕጩ ኑሮውን ሌጎስ ያደረገ፣ ኢሎፊንን በካርታ እንኳ አይቶ የማያውቅ ሰው ነበር።

ሞጂሶላ ቁጥሩን ሆዷ ውስጥ ከተተችው። የተመኘችውን መሐላ በገዛ አፏ ማፍረስ አልፈለገችም።

ሦስት ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ዕጩዎች የሚመዘገቡበት ወቅት ሲደርስ ሮቲሚ ሲጋራ እንዳቆመ ሰው ሆነ። ማንም ሳይጠይቀው «እኔ አልወዳደርም፤ ምያለሁ» ይላል። ራት ላይ ይለዋል። ፎቶ ለማንሳት መብራት እያስተካከለ ይለዋል። አንድ ቀን ለካህኑም ነገራቸው፤ ካህኑም «ማን ጠየቀህ ልጄ?» አሉት።

ሞጂሶላ ይህን ስታይ ከረመች። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው የተወቀጠ ቦዬ በኤጉሲ ወጥ ቀርቦ ሳለ ትንፋሿን ሳበች።

«የሞሬኒኬ አባት፣ ሦስት መቶ ዘጠና አንድ ሰው ቢጠራህ አትሄድም?»

«ወዴት?»

ነገረችው። ሮቲሚ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ያኔውኑ።»

«አራት ዓመት ሙሉ? እና ዝም አልሽ?»

«ደክሞኝ ነበራ።»

«አሁንስ?»

«አሁን አርፌያለሁ።»

«መሐላዬስ?» አለ ሮቲሚ፤ መሐላው እንዲፈርስ የሚለምን ልጅ ድምፅ ነበር።

«መሐላህን የሰሙት እናትህ ናቸው። ጠይቄያቸዋለሁ፤ ረስተውታል። ግን ስማኝ፤ ስልሳ አንድ ዓመትህ ነው፣ እሳቸውም ሰማንያ ስድስት። ይኼ አምስተኛው ነው፣ ስድስተኛ የሚባል የለም። ከገባህ ገባህ፤ ካልገባህ የድልድዩን ነገር ለሌላ ሰው ትተህ ፎቶህን ታነሳለህ። ተስማማን?»

«ተስማማን» አለ ሮቲሚ። ከዚያ ያን ሁሉ ቦዬ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

ፋኖስ ለመሆን ግን የፋኖስ ፓርቲ መፍቀድ ነበረበት። በወረዳው የፋኖስ ሊቀመንበር ደግሞ ኮላፖ ነበር፤ ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ኃላፊ፣ የሮቲሚ አባት የታናሽ ወንድም ልጅ። ሁለቱ በአንድ ግቢ ነው ያደጉት። ከሦስተኛው ምርጫ በኋላ የሌጎስ አለቆች ዕጩነቱን ለራሳቸው ሰው ሲሰጡ ሮቲሚ ተናዶ ወደ ቁልፍ ሄደ፤ ለኮላፖ ግን አልነገረውም። ኮላፖ የወንድሙን መሄድ የሰማው ከሬዲዮ ነው። አራት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም።

ሮቲሚ መመለስ እንደሚፈልግ ሲሰማ ኮላፖ ከገበያው መሐል ሆኖ መልሱን ሰጠ። «ይምጣ። መሬት ላይ በደረቱ ተኝቶ ይቅርታ ይጠይቀኝ፤ ያኔ አየዋለሁ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ተቋጠረ። በኢሎፊን ታናሽ ለታላቁ በደረቱ ይተኛል፤ ሰላምታውም ምስጋናውም ይቅርታውም እንዲሁ ነው። ታላቅ ለታናሹ ተኛ ሲባል ግን ማንም ሰምቶ አያውቅም። ሮቲሚ ደግሞ ኮላፖን በሁለት ዓመት ይበልጠዋል።

«እኔ? ለኮላፖ?» ብሎ ጮኸ ሮቲሚ፤ ሞጂሶላ በትዳር ዘመኗ ሲጮህ የሰማችው ያን ቀን ብቻ ነው። «መራመድ ሲማር እጁን ይዤ የወሰድኩት እኔ ነኝ! አፍንጫውን የጠረግኩለት እኔ ነኝ!»

ኮላፖም የተናገረው ለሕዝብ ነውና ሊመልሰው አልቻለም። የገበያው ፀጉር ቤት ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ «ታላቅ ይተኛ ማለት ነውር ነው»፣ ግማሹ «ወንድምን በሬዲዮ ማሰናበትስ?» ይላል። የምዝገባው ቀን ሊያልቅ አሥር ቀን ቀረው፤ ከዚያ ስምንት፣ ከዚያ ስድስት።

ስድስት ቀን በቀረበት ዕለት ሞጂሶላ መፍጫዋን ዘጋች። ለልጇ ለሞሬኒኬ ሠርግ ያሠራችውን ሰማያዊ ልብስ ለበሰች፣ ጥምጥሟን አሰረች፣ ለዕርቅ የሚቀርበውን የኮላ ፍሬ በሳህን ያዘች፣ አያንዴሌንም ከነከበሮው አስከትላ ወደ ኮላፖ ቤት አመራች። ኢሎፊን ውስጥ ሴት የምታገባው አንድ ባል አይደለም። ከሠርጓ ቀን በፊት በዚያ ግቢ የተወለደ ሁሉ ታላቋ ነው፤ ወንዱን «ባሌ» ብላ ትጠራዋለች፣ ተንበርክካም ሰላም ትለዋለች። ሞጂሶላ ስታገባ ኮላፖ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበር።

አያንዴሌ የኮላፖን የአያት የቅድመ አያት ሙገሳ በከበሮው ማናገር ሲጀምር ኮላፖ ጋዜጣውን ይዞ ብቅ አለ። ሞጂሶላ በረንዳው ላይ በሁለት ጉልበቷ ወረደች።

«ባሌ፣ እንደምን አደሩ?»

«ሞጂሶላ! ተነሽ እንጂ፣ ሰው እያየ ነው።»

«ሰው እንዲያይ ነው የመጣሁት።»

እውነትም አጥሩ በጎረቤት ተሞልቷል። ኮላፖ ጋዜጣውን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ። «ያስቀየመኝ እሱ ነው፤ አንቺ ምን አደረግሽኝ?»

«እሱ ታላቅዎ ነው፣ ሊተኛልዎ አይችልም። እኔ ግን የቤቱ ሚስት ነኝ፣ ታናሽዎ ነኝ። ይቅርታው የመጣው ከአንድ ቤት ነው። የማን ጉልበት ይዞት እንደመጣ ምን ያደርግልዎታል?»

ከአጥሩ ባሻገር አንዲት ሴት «ልክ ብላለች!» አለች።

«ዝም በሉ እናንተ» አለ ኮላፖ።

«ባሌ፣ ይኼ ጉልበት ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሲሚንቶ ላይ ብዙ አይቆይም። ቶሎ ይወስኑልኝ።»

ኮላፖ ሳቁን ሊውጥ ሞከረና ከአፍንጫው አመለጠው። ወንበር አምጥቶ በእጁ ደግፎ አስቀመጣት፤ ከኮላውም አንድ አነሳ። ያን ጊዜ ሞጂሶላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ባለፈው እርስዎ በኢሎፊን ሦስት መቶ ዘጠና አንድ ድምፅ አስገኝተዋል። ከተማዋን ለማያውቅ ዕጩ! እንዲህ ያለ ጉልበት ካለዎት ለወንድምዎ ቢያውሱት ምን ይጎድልዎታል?»

ኮላፖ ኮላውን እያኘከ ረጅም ጊዜ አያት። «ሞጂሶላ፣ ሞኝ አታድርጊኝ። ያን ቀን የገዛ እናቴ ከምርጫ ጣቢያ ተመልሳ ‹ለሮቲሚ መረጥኩለት› አለችኝ። የትኛው ላይ አተምሽ ብላት ፋኖሱ ላይ። የእኔ ጉልበት እንዳልሆነ መች አጣሁት? ለአለቆቼ በላክሁት ደብዳቤ ላይ ግን» አለና ወደ አጥሩ ገልመጥ አደረገ፣ «የእኔ ሥራ ነው ብያለሁ። እዚያ እንዳታበላሺብኝ።»

«እኔ ምን አውቄ!» አለች ሞጂሶላ።

በማግስቱ ሮቲሚ ለአባልነት መታወቂያ የሚሆን ፎቶ ላነሳህ ብሎ ካሜራውን ይዞ ኮላፖ ቤት ሄደ። ኮላፖም በሥርዓቱ ለታላቁ በደረቱ ተኛ፤ «ታላቄ፣ እንኳን ደህና መጡ። አሁንም ተናድጄብዎታለሁ» አለው ከመሬት። «ተነስና ቀና በል፣ ጉንጭህ በኩርፊያ አብጧል» አለው ሮቲሚ። ታረቁ።

የቀረው ዘመቻው ነበር፤ ዘመቻ ደግሞ ሮቲሚ ከማንም በላይ ያውቃል። አያንዴሌ አዲስ ዘፈን አውጥቼ መጣሁ ብሎ ግቢው ሲደርስ ሞጂሶላ በሩ ላይ ቆመች።

«አዲስ ዘፈን የለም።»

«እትዬ ሞጂሶላ፣ ሳትሰሚው? ይኼ ከፊተኛው ይበልጣል።»

«ለዚህ ነው የፈራሁት። አንተ አንድ ጥሩ ዘፈን ባወጣህ ቁጥር እኛ አራት ዓመት እንከፍላለን። አሮጌውን ምታ!»

አሮጌው ተመታ። ከተማው እንደ ናፈቀ ዘመድ ተቀበለው። ችግሩ ያን ጊዜ ቁልፍን ከልባቸው የተማሩት ነበሩ። የአካራ ሻጯ ሮቲሚ ፋኖስ የታተመበት ወረቀት ሲሰጣት ጭልፋዋን አነሳችበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ቁልፍ ብለህ ያስጠናኸኝ አንተ ራስህ ነህ! በስንት መከራ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የገባው።»

«አስወጪው እሜቴ፣ ይቅርታ።»

«የእኔ ጭንቅላት የመኪና ማቆሚያ ነው እንዴ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚገባበት?»

የምክር ቤቱን ወንበር የያዘው አሪቢሳላ የሚባል የሲሚንቶ ነጋዴ ነበር፤ ምልክቱ ጀልባ። ክፉ ሰው አልነበረም። በሁለት የምርጫ ዘመን የትምህርት ቤቱን ጣሪያ አስቀይሯል፣ በትውልድ መንደሩ በኦኬ ኢሬ ውኃ አስገብቷል፤ ድልድዩን ግን አልነካውም። በድምፅ ማጉያ መቀለድ ይወዳል። «ወገኖቼ፣ ወንድማችን ሮቲሚ ዘንድሮ ምን ይዞ መጣ? ፋኖስ! የዛሬ አራት ዓመት ምን ነበር? ቁልፍ! የዛሬ አራት ዓመት ደግሞ ወንፊት ይዞ ይመጣል!» ሲል ሕዝቡ ይንከተከታል፤ ከሕዝቡ መሐል ሮቲሚም።

የምርጫው ቅዳሜ ማለዳ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰለፉ። እማማ በወንበር ተይዘው ከሁሉ በፊት አተሙ፤ ሲወጡ አውራ ጣታቸውን ለሁሉም አሳዩ። ሞጂሶላ ቀጠለች። ከዚያ ሮቲሚ ገባ። ወረቀቱን አጣጥፎ ሳጥኑ ውስጥ ጨመረና ወጣ። ፊቱ የተፋቀ ካሳቫ መስሏል።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«ምንም።»

«አመመህ?»

እጇን ይዞ ወደ ማንጎው ዛፍ ወሰዳት፤ ግራ ቀኝ አየ። «ቁልፉ ላይ አተምኩ።»

ሞጂሶላ አልገባትም። «የምን ቁልፍ?»

«ቁልፉ! ፋኖስና ቁልፍ ጎን ለጎን ናቸው። ያኔ ስንት መንደር ዞሬ፣ ስንት ሰው ፊት ጣቴን እንዲህ እያደረግኩ አሳየሁ። ዛሬ ወረቀቱን ስዘረጋው ጣቴ መንገዱን ያውቅ ነበር፤ ሳልነግረው ሄደ።»

ሞጂሶላ አፏን በመዳፏ ከደነች። «ለማን ነገርክ?»

«ላንቺ።»

«በቃ፤ እኔም አልሰማሁም።»

«ሞጂ፣ በአንድ ድምፅ ብወድቅስ?»

«ያኔ በገዛ እጄ እገድልሃለሁ። እስከዚያው ፈገግ በል፣ ኮላፖ እያየን ነው።»

ከሰዓት በኋላ ቆጠራው በዚያው ግቢ፣ በሁሉ ፊት ተጀመረ። የጣቢያው ኃላፊ ለብሔራዊ አገልግሎት የመጣች ቀጭን ወጣት ነበረች። እያንዳንዱን ወረቀት ከፍ አድርጋ ለሕዝቡ ታሳያለች፣ ምልክቱን ትጠራለች፤ ሕዝቡም እንደ መዝሙር በአንድ ድምፅ ይቆጥራል። የጀልባው ክምር ተቆጥሮ መቶ አርባ ላይ ቆመ። የፋኖሱ ሲጀመር አያንዴሌ በየቁጥሩ ከበሮውን አንድ ጊዜ ይመታ ጀመር። «ዘጠና ዘጠኝ! መቶ!» ሴቶች ተነስተው ወገባቸውን አሰሩ። «መቶ አርባ! መቶ አርባ አንድ!» ሲባል ግቢው ተናጋ። ሁለት መቶ ሦስት ላይ አለቀ።

ወጣቷ ከተራረፉት ወረቀቶች አንዱን አነሳች። «ቁልፍ፣ አንድ።»

ሕዝቡ «ኡኡ!» አለ።

«ይኼ ደግሞ የማን እንቅልፋም ነው?» አለ አንድ ሰው።

«አራት ዓመት ተሰጥቶት አንድ ምልክት መማር ያቃተው ሰው» አለ ኮላፖ በድምፁ ጣሪያ፣ «ቤቱ ቢቀር ይሻለዋል!»

«እውነትህን ነው!» አለ ሮቲሚ፣ ከኮላፖ በላይ ጮሆ። «አያሳፍርም እንዴ!»

ሞጂሶላ የጥምጥሟን ጫፍ ነክሳ ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጠች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያየች ጎረቤቷ እያለቀሰች መስሏት «አይዞሽ፣ አንድ ድምፅ ምንም አይደለም» አለቻት።

ኢሎፊን ብቻዋን ግን አትመርጥም። ኦኬ ኢሬ አለ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉ መንደሮች አሉ፤ የሁሉም ድምር የሚነገረው በማግስቱ በወረዳው አዳራሽ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የምርጫው ሹም መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ቁልፍ፣ ዘመቻ ሳያደርግ፣ አርባ ስድስት ድምፅ አገኘ። አርባ አምስቱን አላውቅም፣ አንዱን ግን አውቀዋለሁ፣ አለች ሞጂሶላ በሆዷ። ጀልባ፣ ሰባት ሺህ አንድ መቶ ሁለት። ሹሙ ገጹን ገለጡ። ሞጂሶላ የሮቲሚን እጅ ያዘች። ፋኖስ፣ ሰባት ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ በየልቡ ይቀንሳል። ሠላሳ ሰባት። ከኋላ አንዲት ሴት እልል ስትል ጣሪያው የተነሳ መሰለ።

ሮቲሚ ብድግ አለ። ልብሱን አስተካከለ፣ ረድፉን አቋርጦ፣ እጁን ዘርግቶ በቀጥታ ወደ አሪቢሳላ ሄደ። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ክቡርነትህ» አለው። አራት ጊዜ እንዲሁ አድርጓል፤ እግሩ ሌላ አያውቅም። አሪቢሳላ አፉን ከፍቶ ቀረ። ኮላፖ ሮጦ ደርሶ የወንድሙን ልብስ ከኋላ ጎተተ። «ታላቄ፣ እርስዎ ነዎት! ያሸነፉት እርስዎ ነዎት!»

«እኔ?» አለ ሮቲሚ። ዞሮ ሞጂሶላን ፈለጋት። ራሷን ነቀነቀችለት፤ አዎ፣ አንተ። ያን ጊዜ የስልሳ አንድ ዓመቱ ሰው በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ሞጂሶላ እስክትደርስበት ድረስ አልገለጠውም።

ከሰዓት በኋላ ግቢው አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ የዘንባባ ጠጅ በባልዲ እየመጣ፣ እማማ መሐል ተቀምጠው ለመጣው ሁሉ ጣታቸውን እያሳዩ ሳለ የሮቲሚ ስልክ ጮኸ። አሪቢሳላ ነበር። ሮቲሚ ጫጫታውን ሸሽቶ መኝታ ቤት ገባ፤ ሞጂሶላም ተከተለችው።

«ሮቲሚ» አለ የአሪቢሳላ ድምፅ፤ ማጉያ የሌለው፣ ትንሽ ድምፅ ነበር። «ጠዋት በወጉ አልተባባልንም። እንኳን ደስ ያለህ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ።»

አሪቢሳላ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። በዚህ አገር ይኼን ካንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ነገ ጠዋት ሰው ምን ብሎ ነው ከአልጋው የሚነሳው?»

ሮቲሚ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቀልድ እንዳልሆነ ገብቶታል። «ማለዳ ተነስተህ ሱቅህን ክፈት» አለው። «እንዳትዘጋ። ከዘጋህ ታሟል ይሉሃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀን ሰው አይንህን ይሸሻል፤ አንተ ቀድመህ ሰላም በል። በሦስተኛው ቀን መቀለድ ይጀምራሉ።»

«በእኔ ላይ?»

«በማን ይሆን ታዲያ? አብረህ ሳቅ። መጀመሪያ ከጥርስ ነው፤ በሳምንቱ ከልብ ይሆናል። ራትህን ብላ፤ እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ሳልበላ ከርሜ ነው የተጎዳሁት። ሚስትህ ‹ብዬህ አልነበረም?› ካለችህ አትመልስ። ደግሞ የድልድዩን ነገር መጥተህ አማክረኝ፤ ስምንት ዓመት እዚያ ቤት ነበርክ፣ በሩ የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም።»

ሞጂሶላ በሩን ተደግፋ ትሰማለች። ባሏ እንዲህ ረጋ ብሎ፣ እንዲህ አዋቂ ሆኖ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ውጭ አያንዴሌ «ክቡር ሮቲሚ ይውጣ!» እያለ ከበሮውን ያናግራል።

«እሺ» አለ አሪቢሳላ። «ቀለል አለኝ፣ እውነቴን ነው።»

«ይቀልሃል። አትጨነቅ ወንድሜ፤ አራት ዓመት እኮ ሩቅ አይደለም፣ ያኔ ተመልሰህ...»

ሞጂሶላ በሁለት እርምጃ ደርሳ ስልኩን ከእጁ ነጠቀችው። «ክቡር አሪቢሳላ፣ እንደምን ዋሉ? ባለቤቴ የሚናገረውን አያውቅም፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። እርስዎ በደንብ ይረፉ። ብዙ ዓመት ይረፉ!» ብላ ዘጋችው።

«ምን አደረግኩ?» አለ ሮቲሚ።

«ውጣ» አለችው፣ እየሳቀች አንገትጌውን እያስተካከለች። «ውጣ፣ ሰው እየጠበቀህ ነው።»